የጀርባው በር

ለንደን፣ ኬኒንግተን
ፌብሩዋሪ 12፣ 2023

ለተወደዱ አጎቴ ለጋሼ ደምመላሽ፣

የጌታ ሰላም እርስዎና አልታየሽ ካላችሁበት ቤት ይግባ። እኛ ደህና ነን። የእማዬን የደም ግፊት መድኃኒቱ ይዞታል። ጨው ተከልክላ ሳለ ጨው ደብቀሽብኛል ብላ ከእኔ ጋር መጣላቷ የጤና ነው። ዜናው ላይ ደቡብ አፍሪካ የሚል ከመጣ ግን አሁንም ቴሌቪዥኑን ታጠፋና ክፍሏ ትገባለች። "ደሜ እዚያ ነው" ትላለች፣ የዚያን ቀን ግፊቷ አይወርድም። ስለዚህ ሲጽፉ ደግ ደጉን ይጻፉላት፤ ደብዳቤዎን የማነብላት እኔ ነኝ።

ዛሬ የምጽፈው ስለ ሥራ ነው። የምሠራበት የአርክቴክቶች ቢሮ ደቡብ አፍሪካ ውስጥ እናንተ ሎኬሽን ለምትሉት ለአንድ የድሆች ሰፈር የኳስ ማዕከል እንዲነድፍ ተመረጠ። ሰው ሠራሽ ሣር ያለው ሜዳ፣ ልብስ መቀየሪያ፣ ትንሽ አዳራሽ። የቦታውን ስም ሳነብ ዓይኔን አላመንኩም፤ የእርስዎ ሎኬሽን ነው። ካርታው ላይ ሱቅዎን ስፈልግ አመሸሁ።

የመጀመሪያው ሚቲንግ ዌምብሊ፣ ስታዲየሙ ውስጥ፣ ምንጣፉ እግር በሚውጥ ክፍል ነበር። ጋሼ፣ ቋቅ ነው ያለኝ። ስፖንሰሩ ጫማ ሻጭ ድርጅት ነው። በየፎቶው አንድ ልጅ አቧራ ላይ ቆሞ ይስቃል፤ ማን እንደሆነ፣ የየት ሰፈር ልጅ እንደሆነ የሚያውቅ የለም። የስፖንሰሩ ሴትዮ "ተስፋ" የሚለውን ቃል እንደ በርበሬ በየዐረፍተ ነገሩ ትነሰንሳለች። ከመካከላቸው እዚያ የረገጠ አንድም ሰው የለም። እኔም አልረገጥኩም፣ ግን ቢያንስ አፍራለሁ። አለቃዬ "ኮሚዩኒቲውን አማክረናል ብለን እንጽፋለን" አለ። ማንን አማከርን ብዬ ጠየቅኩት። "አንቺ እዚያ አጎት አለሽ አይደል?" አለኝና ወደ ሳንድዊቹ ሄደ። እንግዲህ ኮሚዩኒቲው እርስዎ ሆነዋል።

ስለዚህ ይንገሩኝ። ሜዳውን ማን ይጠቀምበታል? ሰው ከየት ይገባል? ስልክ ላይ ደንበኛ ስለሚያቋርጥዎት እንደ ወትሮው በወረቀት ጽፈው ፎቶውን ይላኩልኝ። እማዬም የእጅ ጽሑፍዎን ማየት ትወዳለች።

አክባሪዎ ሔርሜላ

* * *

ጆሃንስበርግ አጠገብ፣ ሎኬሽን
ማርች 5፣ 2023

ለውድ ልጄ ለሔርሜላ፣

ጌታ እጅሽን ይባርከው። የነደፍሽው ይቁም፣ የቆመው አይፍረስ። እህቴን ሮማንወርቅን ወፍሯል በያት፤ ሚስቱ አልታየሽ እያበላች አበላሽታዋለች በያት። ሎኬሽኑ ሰላም ነው። ምንም የለም።

ስለ ሜዳው ጠይቀሻል። ቀይ አፈር ነው። ቅዳሜ ጠዋት ቀብር ካለ የለቅሶ ድንኳን ይተከልበታል፣ ከሰዓት ድንኳኑ ይነቀልና ኳስ ይጫወቱበታል፤ አንዳንዴ አልቅሶ የመጣው ሰው እዚያው ቆሞ ይጨፍራል። የዳኛው ፊሽካ ከእኔ ሱቅ ነው የሚወሰደው። ሲመለስ ምራቅ ሞልቶት ነው፣ አልታየሽ በፈላ ውሃ ትቀቅለዋለች።

የናንተን ወሬ እዚህም ሰምተዋል። ኮሚቴ ተቋቁሟል። ሊቀመንበሩ ገና ድንጋይ ሳይጣል የማዕከሉን ስም ያሠራበትን ኮፍያ አድርጎ ይዞራል፤ የትም ቢያዩት ያ ኮፍያ ነው፣ ቀብር ላይ ሳይቀር። ሳየው ያስጠላኛል። ልጆቹ ግን ደስ ብሏቸዋል፤ እኔም ስለ እነሱ ደስ ብሎኛል።

አቀማመጡን ልንገርሽ። በአንድ መስመር የምንሸጥ የውጭ አገር ሰዎች ሦስት ነን፤ እኔ፣ የስልጤው ዐብዱና አንድ ባንግላዴሻዊ። ፊታችን ጠባብ መንገድ ነው፣ ጀርባችን ሜዳው። ከሜዳው ማዶ ዋናው አስፋልት፣ ፖሊስ ጣቢያውና ቤተ ክርስቲያናችን ይገኛሉ። ከዚህ ወደዚያ የሚሄድ ሁሉ በሜዳው ነው የሚያቋርጠው።

ሜዳው ግንብ የሚታጠር ከሆነ አንድ ነገር ብቻ እለምንሻለሁ። በእኛ በኩል፣ በጀርባ፣ በር ይኑረው። ከዚህ ወገን ያሉ ልጆች ዞረው እንዳይደክሙ ነው።

አልታየሽ ሰላም ትላለች። ያንቺ ነገር ሲነሳ "በሁለት ዓመት ብበልጣት ነው፣ አክስት አትበለኝ በላት" ትላለች።

አጎትሽ ደምመላሽ

* * *

ለንደን
ጁን 18፣ 2023

ለተወደዱ ጋሼ ደምመላሽ፣

ሰላምዎ ይብዛ። መልሴ በጣም ዘገየ፣ ይቅር ይበሉኝ። እዚህ ቤት ውስጥ ብዙ ነገር ሲሆን ከረመ። ደብዳቤዎን ለእማዬ አንብቤላታለሁ። "ወፍሯል" የሚለው ላይ ሳቀች፣ ሁለቴ አስደገመችኝ።

የደወሉልኝን አይቻለሁ። ድምፄ ተዘግቶ ነው ያላነሳሁት። ለጊዜው በጽሑፍ እንቀጥል።

አንድ ነገር ይተባበሩኝ። እዚያ በቅርብዎ ያለ፣ የሚያምኑት ያገር ሰው ማን ነው? ስልኩን ይላኩልኝ። ለፕሮጀክቱ ሁለተኛ ሰው ያስፈልገኛል።

ስለ ሥራው፦ ግንብ ይታጠራል። ስፖንሰሩ መጀመሪያ የፈለገው ከላዩ እሾህ የተጠመጠመበት የሽቦ አጥር ነበር። ሥዕሉን ሳየው እስር ቤት መሰለኝ፣ ቀፈፈኝ። ልጅ ኳስ ሊጫወት የሚሄድበትን ቦታ እንዲህ አድርጎ የሚያስብ ሰው ምን ዓይነት ሰው ነው? ተጨቃጨቅኩና በምትኩ ለስላሳ ግንብ ነደፍኩ። ከሰው ቁመት በላይ ነው፣ ፊቱ ተወልውሎ የተለሰነ፣ ቀለም የተቀባ፣ እጅም እግርም የሚይዘው ስለሌለ ማንም አይቧጥጠውም። እሾህ ሳይኖረው ሥራውን ይሠራል። ሁሉም ወደዱት።

በሩን በተመለከተ ግን አንድ በር ብቻ ነው የሚሉት፣ በዋናው አስፋልት በኩል። ለጥበቃ ይቀለናል ይላሉ። እውነቱ ግን ሰው ሁሉ በሩ አጠገብ በሚከፍቱት ጫማ መሸጫቸው ፊት እንዲያልፍ ነው። እታገላለሁ።

አክባሪዎ ሔርሜላ

* * *

ሎኬሽን
ጁላይ 30፣ 2023

ለውድ ልጄ ለሔርሜላ፣

ጌታ ከክፉ ይሰውርሽ። ደብዳቤሽ አጠረብኝ። ድምፅሽስ ተከፈተ? ሮማንወርቅ ሁልጊዜ በራሷ እጅ ሁለት መስመር ከሥር ትጨምርልኝ ነበር፣ አሁን ምነው ተወች? ዓይኗ ደከመ እንዴ? እኔ በጣም ደህና ነኝ፣ ሥራም ደህና ነው። ይህንኑ በያት።

የሚታመን ያገር ሰው ላልሽው ዐብዱ አለ። እንደ ወንድሜ ነው። ስልኩን ከሥር ጽፌልሻለሁ። ሥራ ስለሚበዛበት ቶሎ ባያነሳ አትቀየሚው።

የበሩን ነገር ደጋግሜ በማንሳቴ አትታዘቢኝ። ትልቅ በር ይሁን አላልኩም። አንድ ሰው በአንድ ጊዜ የሚያሳልፍ ይበቃል። ጥበቃው ከከበዳቸው ቁልፉን እኔ እይዘዋለሁ። ከተቻለ ደግሞ ልክ በእኔ ሱቅ ጀርባ ቢሆን ደስ ይለኛል። ሌላው ሁሉ ቢቀር፣ ቀለሙም አዳራሹም ቢቀር፣ ይቺን አትከልክይኝ።

ልጅ ሆነሽ እናትሽ ለንደን ሳትወስድሽ በፊት፣ ሆሳዕና ከተማ ሳለን ከረሜላ ስትለምኚኝ እምቢ ብዬሽ አላውቅም። አሁን ተራው የእኔ ነው ብለሽ ቁጠሪው።

አጎትሽ ደምመላሽ

* * *

ለንደን
ኦክቶበር 22፣ 2023

ለጋሼ ደምመላሽ፣

ሰላም ለእርስዎ ይሁን። የምጽፈው ስለማያስደስት፣ ገና ከመጀመሪያው ይቅርታ እጠይቃለሁ።

የዐብዱን ስልክ ደጋግሜ ሞከርኩ፤ ዝግ ነው። አንድም ቀን አልጠራም። የሌለ ስልክ ለምን ይሰጡኛል?

ባለፈው ወር ከቦታው ፎቶዎች መጡልን። የለመኑኝ በር የት እንደሚያርፍ አየሁ። ከሜዳው የሚወጣ ልጅ ሁሉ፣ የተጠማም የራበውም፣ ከእርስዎ ሱቅ ጀርባ ነው ብቅ የሚለው። ቁልፉም በእርስዎ እጅ። ከዚያ በኋላ ሁለቱን ደብዳቤዎች መልሼ አነበብኩ፤ "ልጆቹ እንዳይደክሙ" የሚለው ላይ ስደርስ ማንበብ አቃተኝ።

ጋሼ፣ እኔ ይህን ሥራ ከጀመርኩ ወዲህ የማየው አንድ ነገር ነው። ሁሉም በልጆቹ ስም ለራሱ ሊነጭ ተሰልፏል። ጫማ ሻጩ ለጫማው፣ አለቃዬ ለስሙ፣ የእናንተው ሊቀመንበር ለኮፍያው። አንድ ሰው ብቻ የተለየ መስሎኝ ነበር። ከሁሉም ያንገሸገሸኝ የእርስዎ ነው፣ ምክንያቱም ከእርስዎ አልጠበቅኩም። "ለሱቄ ብዬ ነው" ብለው በግልጽ ቢጽፉልኝ እስቅና እታገልልዎ ነበር።

ሐሙስ ዕለት የመጨረሻው ሚቲንግ ነበር። የስፖንሰሩ ሴትዮ ወደ እኔ ዞረችና "ኮሚዩኒቲው የጀርባ በር የግድ ያስፈልገዋል?" አለችኝ። ሁሉም አየኝ። እኔም አያስፈልገውም አልኩ። በሩ ከፕላኑ ወጥቷል።

ይህ ዓመት ለእኔ እንዴት ያለ ዓመት እንደሆነ ቢያውቁ አይፈርዱብኝም። እሱን ሌላ ጊዜ።

ሔርሜላ

* * *

ሎኬሽን
ሴፕቴምበር 29፣ 2024

ለውድ ልጄ ለሔርሜላ፣

ጌታ ዕድሜሽን ያርዝመው። ዝም ብዬ መክረሜ ከቂም አይደለም። የምጽፈው አጥቼ ነው። ስለ እኔ ያልሽውን እንዳልሽው ይሁን፣ አልከራከርሽም።

ማዕከሉ ትናንት ተመረቀ። መቼም ዓይን ያየውን አይደብቅም፣ ሣሩ ያምራል። ምርቃቱን ግን ልንገርሽ። ለሰፈሩ ልጆች በሙሉ አዲስ ማልያ ታደለ፤ ተሰልፈው ዘለሉ፣ ሳቁ፣ ተቀረጹ። ቀረጻው ሲያልቅ ከስፖንሰሩ የመጣች አንዲት ልጅ ካርቶን ይዛ በሰልፉ ዞረችና ማልያውን ከላያቸው እያስወለቀች ሰበሰበች። ለሚቀጥለው ሰፈር ነው አሉ። እዚያ ብርድ ላይ ደረታቸውን አቅፈው ቆሙ። ሊቀመንበሩ ኮፍያውን እንዳደረገ ያጨበጭባል። አልታየሽ መሬት ላይ እንትፍ ብላ ወደ ቤት ገባች።

ግንቡን ዞሬ አየሁት። በእጄ ዳሰስኩት። እውነትም ለስላሳ ነው።

ሮማንወርቅን ሰላም በያት። ይኸው ዓመት አለፈኝ፣ አንድ ቃል ከእሷ አላገኘሁም። አንቺ የጻፍሽልኝን ነግረሻት ይሆናል እያልኩ አስባለሁ። እሷም ስግብግብ ነው ብላኝ ይሆን? ይህቺ ብቻ ናት የምታስጨንቀኝ።

አጎትሽ ደምመላሽ

* * *

ለንደን
ፌብሩዋሪ 9፣ 2025

ለተወደዱ ጋሼ ደምመላሽ፣

የጌታ ሰላም ይብዛልዎ። እማዬ በእርስዎ ላይ አንድ ክፉ ቃል ተናግራ አታውቅም። ይህን በሙሉ ልቤ እጽፍልዎታለሁ።

ማዕከላችን ተሸለመ። በተለይ ግንቡ። ዳኞቹ "ያለ ጭካኔ የሚጠብቅ ግንብ" ብለው ጻፉለት። ግብዣ ነበር፤ ያ አለቃዬ ትከሻዬን ይዞ "ዘመዶቿ እዚያው ናቸው" እያለ እንደ ዕቃ ለሰው ሁሉ ያሳየኝ ነበር። የማልያውን ነገር ነገርኩት። ሳቀና "ምን ይደረግ፣ ስፖንሰር ነው" አለኝ። የያዝኩትን ብርጭቆ አስቀምጬ ወጣሁ፤ ብሪክስተን ድረስ በእግሬ ሄድኩ።

እየሄድኩ ስለ በሩ አሰብኩ። ለሱቅዎስ ብለው ቢሆን ምን ነበረበት? ጫማ ሻጩ ሙሉ ሜዳ ሲወስድ ዝም ያልኩ ሰው፣ አጎቴን የአንድ ሰው ማለፊያ ነፈግኩ። የጻፍኩት ያሳፍረኛል። ሲመችዎ ይጻፉልኝ።

ልጅዎ ሔርሜላ

* * *

ሎኬሽን
ኤፕሪል 6፣ 2025

ለውድ ልጄ ለሔርሜላ፣

ጌታ ይክበር፣ ሁለታችንም በሕይወት አለን። ይህን ያስቀደምኩት ቀጥሎ ያለውን ስታነቢ እንዳትደነግጪ ነው። አደራሽን፣ ይህን ደብዳቤ ለሮማንወርቅ እንዳታነቢላት።

የዛሬ ሦስት ሳምንት፣ ቅዳሜ እኩለ ቀን ላይ፣ የውጭ አገር ሰው ይውጣልን የሚል ሰልፍ ወጣ። ከሰልፉ የተገነጠሉ ጎረምሶች በእኛ መንገድ መጡ። በፊትም ሁለት ጊዜ መጥተውብናል። ያኔ የኋላውን በር ከፍተን፣ ሜዳውን ሮጠን አቋርጠን፣ ፖሊስ ጣቢያ እንገባ ነበር። ሱቁ ይዘረፋል፣ ነፍሳችን ትተርፋለች። ዐብዱ ከሁለተኛው ዝርፊያ በኋላ በቃኝ ብሎ አገሩ ገባ። ሄዷል ብልሽ ለምን ሄደ ትይኛለሽ፣ ስለዚህ የተዘጋ ስልኩን ሰጠሁሽ።

በሩን የለመንኩሽ ለዚህ ነበር። ለልጆቹ አልነበረም፣ ለደንበኛም አልነበረም። እውነቱን ብጽፍልሽ ለእናትሽ ታነቢላታለሽ፤ እሷ ደግሞ ቴሌቪዥኑን እንኳ የማትችል ሰው ናት። በእኔ ወሬ እህቴን ከምገድል ዝም ልበል አልኩ። ስግብግብ ስትይኝም ዋጥኩት።

ያን ቀን ከጎረምሶቹ ሸሽተን ግንቡ ሥር ደረስን። አልታየሽን ትከሻዬ ላይ አቆምኳት። እጇ የሚጨብጠው አጣ። የለስላሳ ሳጥን ደራረብንና እንደ ምንም ጫፉ ላይ ወጣች፤ ወደ ማዶ ስትወርድ ግን ከግንቡ ሥር ባለው የተመልካች ሲሚንቶ መቀመጫ ላይ ወደቀች። ጩኸቷን ከግንቡ ወዲህ ሆኜ ሰማሁ። ልደርስላት አልቻልኩም። ልጆቹን የሚያሠለጥነው ሰውዬ አንስቶ ሆስፒታል ወሰዳት። ዳሌዋ ተሰብሯል። እንደ በፊቱ ትሄዳለች አላሉኝም።

እኔን ያተረፈችኝ ጎረቤታችን አሮጊቷ ናት፣ የዚሁ አገር ሰው። ቤቷ ጎትታ አስገባችኝና ወንበሯን ደጃፉ ላይ አድርጋ ተቀመጠች። ምን እንዳለቻቸው አላውቅም፤ ትተዋት አለፉ።

ሽልማትሽን አላጣጥልም። ማንም አይቧጥጠውም ብለሽ ጽፈሽልኝ ነበር፣ ትክክል ነሽ። እኔ ግን ከእንግዲህ ሳየው ያቅለሸልሸኛል፣ ይቅር በይኝ።

አልታየሽ ተኝታ ስለምትውል ሰላም ብትያት ደስ ይላታል። ስልኳን ከሥር ጽፌልሻለሁ።

አጎትሽ ደምመላሽ

* * *

ለንደን
ኤፕሪል 13፣ 2025

ለእህቴ ለአልታየሽ፣

ጌታ ምሕረቱን ያውርድልሽ። ይህን በአንቺ ስልክ የላክሁት ጋሼ ቀድመው እንዳያዩት ነው። ብቻሽን ስትሆኚ አንብቢው።

እማዬ ዐርፋለች። አሁን አይደለም፤ የዛሬ ሁለት ዓመት ነው፣ ጋሼ ስለ ሜዳው የጻፉትን የመጀመሪያ ደብዳቤ ካነበብኩላት ከወር በኋላ። ለንደን ቀበርናት። ሰው አገር ላለ ሰው፣ ለዚያውም ካንቺ በቀር ዘመድ አጠገቡ ለሌለ ሰው፣ መርዶ በወረቀት እንዴት ይላካል? ባለሥልጣን መሰልኩና "ለፕሮጀክቱ" ብዬ የሚታመን ያገር ሰው ስልክ ጠየቅኩ፤ ያገር ሰዎች ሰብሰብ ብለው እንዲያረዷቸው ነበር። የሰጡኝ የዐብዱን ነው። ስልኩ ዝግ ሆነ። እሳቸው የተዘጋበትን ደበቁኝ፣ እኔ የደወልኩበትን ደበቅኳቸው። ድምፄ እንዳያሳብቅብኝ ስልካቸውን ማንሳት ተውኩ።

ጋሼ ለእማዬ ግፊት ብለው እውነቱን ሲደብቁኝ፣ እማዬ አፈር ውስጥ ነበረች። እኔ በሩ አያስፈልግም ስልም ነበረች። የሚጠብቋት ሰው አልነበረችም፣ አልታየሽ። ሁለታችን ስንከባበር አንቺን ሰበርንሽ።

ሽልማቱ የግንቡ ትንሽ አምሳያ ነው፣ እንደ ግንቡ የተወለወለ። መሳቢያ ውስጥ ጥዬው እዚያም ሆኖ ይቀፈኛል። ቢሮውን በር ይከፈት ብዬ ጠየቅኩ። አለቃዬ የተሸለመ ሥራ አይነካካም፣ ለማንኛውም ኮሚቴው ያመልክት አለኝ። የኮሚቴውን ሊቀመንበር አንቺ ታውቂዋለሽ። ስለዚህ ሥራዬን ለቅቄ ራሴ እመጣለሁ፤ እዚያው እየዞርኩ እጠይቃለሁ። ይከፍቱታል ብዬ ቃል አልገባልሽም። ግንቡን የሣልኩት እኔ ነኝ፣ ፊትሽን እንዴት እንደማይ አላውቅም፣ ግን እመጣለሁ።

እስከዚያ አንድ ነገር እለምንሻለሁ። ከቤተ ክርስቲያናችሁ ሁለት ሦስት ሰው ጥሪና በማለዳ፣ እንደ ወጉ ይንገሩልኝ። እህታቸው እንዳልተቀየመቻቸው፣ "ወፍሯል" ስላት እንደሳቀች ይንገሯቸው። አንቺ ከአልጋ መነሳት እንደማትችዪ አውቃለሁ። ያቺ አሮጊት ጎረቤታችሁም ትጠራ፤ ቋንቋው ባይገባትም ወንበሯን ይዛ መጥታ አጠገባቸው ትቀመጥ።

ሔርሜላ